«ለደላላው ከፍያለሁ»



ከስማዳ የመጣ አንድ ወጣት መጋቢት ላይ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ቀረበኝ። መተማ ወርዶ ሰሊጥ አርሟል፣ አጭዷል። ኅዳር ላይ ሥራው ሲያልቅ ባለ እርሻው «ለደላላው ከፍያለሁ» አለው፤ ደላላው ስልኩን ዘጋ። «ኡስታዝ፣ ሐቄ ማን ላይ ነው?»

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላደጋችሁ ነገሩ አዲስ አይደለም። መሬቱ ጠብቧል። ክረምት ሲገባ ወጣቱ ከነፋስ መውጫም ከወገዳም ተነሥቶ ወደ መተማ፣ ቋራና ሁመራ ይወርዳል። የሚያጭደው ሰሊጥ ባሕር ተሻግሮ ዶላር ያመጣል።

ልጁን መልሼ ጠየቅኩት፦ «ደላላው ገንዘብህን እንዲቀበልልህ ወክለኸዋል?» «ኧረ የለም!» እንግዲያው ባለ እርሻው ከዕዳው አልወጣም። የራሱን ሰው ልኮ የራሱ ሰው ቢከዳው፣ ኪሳራው የሱ እንጂ ጀርባው የጎበጠው ልጅ አይደለም።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ አላህ በቂያማ ቀን ተሟጋች ከሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ ከተቀበለ በኋላ ደመወዙን የከለከለ ነው። ነጻ ሰውን ሸጦ ዋጋውን ከበላው ጋር አብሮ ተቆጥሯል፤ ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። በረመዷን ለመስጂድ ምንጣፍ የሚገዛ ነጋዴ አውቃለሁ፤ አላህ ይቀበለው። ግን ምንጣፉ የቀን ሠራተኛውን ደመወዝ አይተካም። ያ ሶደቃ ነው፣ ይሄ ዕዳ ነው።

ሐቁ ደግሞ ብር ብቻ አይደለም። በቆላው የዋልካ ስንጥቅ ውስጥ ካላዛር የምታስተላልፍ የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። በ1997 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከምና ፎገራ በሽታው ወረርሽኝ ሆኖ ሲገኝ፣ ከቆላ በተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይመጣ እንዳልቀረ ተገምቷል። ሠራተኛውን ሜዳ ላይ የሚያስተኛ ባለ እርሻ አጎበር ወጪ መስሎ ይታየዋል፤ ወጪውን ግን የከፈለው የልጁ መንደር ነው።

ሰሊጡን ገዝታችሁ የምትልኩ ወንድሞችም «እኔ አላሠራሁት» አትበሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት እ.አ.አ. በ2011 ያጸደቃቸው መርሆዎች፣ ድርጅት ከሥራው ጋር ተያይዞ በንግድ አጋሮቹ በኩል የሚደርስን በደልም ለመከላከል እንዲጥር ይጠይቃሉ። «ያጨደው ተከፍሎታል ወይ?» ብሎ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይህን ያህል ይከብዳል?

ወደ ቆላ የምትወርዱ ደግሞ፣ ቁርኣን ዕዳን ጻፉ፣ ምስክር አቁሙ ብሎ አዞናል። ስንት እንደሚከፈላችሁ፣ ማን እንደሚከፍል ሰው ባለበት ተነጋገሩ፤ የባለ እርሻውን ስም ራሱን ያዙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበትን ወረቀት እንዲሰጥ ያዛል፤ ባይሰጥም መብታችሁ አይቀርም። ብዙዎች የማያውቁት ግን ይሄን ነው፦ የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ለከርሞ ስወርድ እጠይቀዋለሁ» ያለ፣ በሕግ ዘንድ ዘግይቷል። አላህ ዘንድ ዕዳው ይቆያል፤ ፍርድ ቤት ግን አይጠብቅም።

ከልጁ ጋር ተቀምጠን ወሩን በጣት ቆጠርን። ሁለት ወር ያህል ቀርቶታል። አብረውት ያጨዱትን የሁለት ልጆች ስልክ አውጥቶ እዚያው መደወል ጀመረ።