ከደጀን እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

ዋሽንግተን ያለ ልጅ ለወላጆቹ ትኬት ሲልክ ደጀን ላይ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። ለመልሱ አንድ የትምህርት ቤት ሉልና ክር ይበቃሉ።

መጀመሪያ ክሩን በሉሉ ወገብ ዙሪያ ጠምጥመው ይለኩት። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ክሩ 100 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንዱ ሴንቲ ሜትር 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ክሩን ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ወጠር አድርገው ይያዙት፤ 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል፣ 11,600 ኪሎ ሜትር። ግድግዳ ላይ ባለ ካርታ ግን አይለኩ፤ ጠፍጣፋ ወረቀት ረጅም መንገድን ያዛባል።

ርቀቱን አውሮፕላን በሰዓት ለሚበረው 900 ኪሎ ሜትር ያህል አካፍለው ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ፤ 13 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ይህ ለመልሱ ጉዞ ይሠራል። ሲሄዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሰውና ሻንጣ የሞላ አውሮፕላን አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ ለመነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ወደ ምዕራብ ሲበርም ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። 16 ወይም 17 ሰዓት ቢባሉ አይደንግጡ።

አሁን ትኬቱን ይመልከቱ። የሚጻፈው በየከተማው ሰዓት ነው። 22:00 ተነሥቶ በማግሥቱ 7:00 ይደርሳል ቢል 9 ሰዓት ይመስላል፤ በክረምታቸው ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች 17 ሰዓት ነው። በበጋቸው ልዩነቱ 7 ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 6 ይቀንሱ፣ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12፣ ትኬቱ ላይ ያለው ከ6 ካነሰ ግን 6 ይጨምሩ፤ 22:00 ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል። ሰው በረራ የሚያመልጠው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባለው ትኬት ነው። «ማክሰኞ 00:40» ማለት ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:40 ነው። ቦሌ መገኘት ያለብዎ ሰኞ ማታ ነው፤ ያውም ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት።

የቀረው የምድሩ መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚንቀውም እሱን ነው። ደጀን ከአዲስ አበባ በአየር 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በመኪና ግን ወደ 230። ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎሐ ጽዮን እስኪወጣ ድረስ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከፊት የጫነ ተሳቢ ካለ፣ እንደ ሰው እርምጃ ነው። በክረምት ናዳም አለ። ስለዚህ ከደጀንም ከቢቸናም የሚነሣ ሰው አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ቢያድር ይሻለዋል። ለሞጣ ሰው ባሕር ዳር ይቀርበዋል፤ ከዚያ ቦሌ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ትኬቱም ከዋናው ጋር አብሮ ቢቆረጥ ሻንጣውን አዲስ አበባ ላይ እንደገና ከማስመዝገብ ሊድን ይችላል።