ወደ አገር ቤት መመለስ፤ ስለ ኦኔሲሞስ ነሲብና ስለ አስቴር ጋኖ

ሰው ከአገሩ ርቆ ሰንብቶ ሲመለስ ዘመዶቹ ከደጅ ወጥተው ይቀበሉታል፤ እርሱም የሚያውቀውን ዛፍና የሚያውቀውን ወንዝ እያየ ይገባል። በሕፃንነቱ ተሰርቆ የተሸጠ ሰው ግን ወደ ማን ደጅ ይመለሳል?

ኦኔሲሞስ የተወለደው በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1856 ገደማ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያ ስሙ ሂካ ነበረ፤ በኦሮምኛ ፈቺ፥ ተርጓሚ ማለት ነው። አማርኛም ቋጠሮንና ሕልምን በአንድ ግስ «ፈታ» ይላልና ስሙ ለሁለቱም ቋንቋ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ሕፃኑ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ተላልፎ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም በ1870 ወርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣው፥ በእምኩሉም በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ። ኋላም እስከ 1881 ድረስ በስዊድን አገር ተምሮ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ወደ አገሩ ለመግባት ሁለት ጊዜ ተነሣ። አንደኛው መንገድ በሱዳን በኩል ዓባይን ተከትሎ ነበር፤ ሁለተኛው በሸዋ በኩል ሲሆን እስከ እንጦጦ ደረሰ። ሁለቱም ሳይሆኑለት ወደ እምኩሉ ተመለሰ።

መንገዱ ቢዘጋበትም ሥራውን አላቆመም። በዚያው ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉም ጀመር። ከዚህ ላይ መምህራን ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ፤ አገሩን ገና ልጅ ሳለ ስለ ተለየ፥ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ከቃላት ጎድሎበት ነበር። የጎደለውን የሞላችለት አስቴር ጋኖ ናት። እርስዋም የሊሙ እናርያ አገር ልጅ ስትሆን ለባርነት ተሸጣ በ1886 በቀይ ባሕር ከመርከብ ነፃ ወጥታ ወደ እምኩሉ የመጣች ናት። ቃላትን ሰበሰበችለት፤ ከዚህም ሌላ ከትዝታዋ 500 ያህል ዘፈን፥ ምሳሌና ተረት ጻፈች። ከዚሁም ከፊሉ ለንባብ ማስተማሪያ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ገባ። የእናቶች ተረት እንዲህ ባለ መንገድ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሆነ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር በግዕዝ ፊደል ታተመ።

በ1904 ሁለቱም ወለጋ ገቡ። ባኬ ጃማ በምትባለው በነቀምቴ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሣ ሞረዳ) ተቀበሉአቸው። ይህች ከተማ ለሁለቱም የተወለዱባት አልነበረችም፤ ቋንቋው ግን የእናታቸው ቋንቋ ነው። ትምህርት ቤት ከፍተው በኦሮምኛ አስተማሩ። ጥቂት ቆይቶ ኦኔሲሞስ በካህናት ተከሰሰና ጉዳዩ አዲስ አበባ ደረሰ። ዐፄ ምኒልክም ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፥ ስብከትን ግን ከለከሉት። ስለዚህ ለዓመታት ትምህርት ቤቱን ብቻ ያዘ፤ ፈቃዱን ያገኘው በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው።

ኦኔሲሞስ በ1931፥ አስቴርም በ1964 በነቀምቴ ዐረፉ።

መምህሩ ይህን ካነበበ በኋላ፥ ተማሪዎቹ ለበዓል ወደ ዘመድ ሲሄዱ እያንዳንዱ ከአያቱ ወይም ከአንድ ሽማግሌ አንድ ተረት ሰምቶ፥ የተናጋሪውን ቃል ሳይለውጥ ጽፎ እንዲያመጣ ይዘዝ። ልጁ የማያውቀው ቃል ቢገጥመው ከሥሩ ያስምርበት፤ ትርጉሙንም እዚያው ተናጋሪውን ይጠይቅ።