ግድግዳ እየዳሰሰ የሚሄደው ልጄ

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ ጀምበር ስትጠልቅ ግድግዳ እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። ዓይኑንም በጡጫው ይጫናል። ባለቤቴ የአክስቴ ልጅ ነው። ዘመድ ሁሉ «ዳፍንት ነው፤ ጉበት አብዪው» ይለኛል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከከሚሴ)

መልስ፦ የዘመዶችዎ ምክር መሠረት አለው። ዳፍንት በቫይታሚን ኤ እጥረት ይመጣል፤ ቶሎ ከተደረሰበትም ይድናል። ስለዚህ አስቀድሞ ይህ ይጣራ።

እኔን ያሳሰበኝ ዓይኑን መጫኑ ነው። ብርሃን ተቀባዩ ሬቲና ገና ከሕፃንነት ሲደክም ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሲጫኑት ብልጭታ ይታያቸዋል ተብሎ ይታመናል። እንዲህ ያለው ሕመም ብዙውን ጊዜ በዘር የሚተላለፍ ነው። እናትና አባት ጤነኛ ሆነው አንድ ዓይነት የተበላሸ ዘረመል ከተሸከሙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ዘመዳሞች ሲጋቡ ደግሞ ያ ዘረመል የሁለቱም የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። ቡዳ አይደለም፤ የእርስዎም ጥፋት አይደለም።

አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ያለው ሕመም አንድ የዘረመል ሕክምና ፈቅዳለች። የሚረዳው ግን አርፒኢ65 የተባለው ዘረመል የተበላሸባቸውን ብቻ ነው፤ ዋጋውም ለሁለት ዓይን 850,000 ዶላር ተብሎ ነበር። «አድናለሁ» ለሚል ሁሉ ከብትዎን እንዳይሸጡ።

ልጁን ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይውሰዱት። ከዚያ ካለፈ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። ማየቱ ቢደክምም ከትምህርት ቤት አያስቀሩት፤ ብሬይል በልጅነት ሲጀመር ይቀላል። አደራ!