የአባቴን ሬዲዮ ላሳድሰው ወይስ እንዳለ ልተወው?

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት ሸክላ ማጫወቻ ያለው የፊሊፕስ ባለ ቫልቭ ሬዲዮ አለኝ። ሲከፈት ያጓራል፤ ሸክላውም ተጎትቶ ይዞራል። ጠጋኙ የውስጡን ዕቃ በሙሉ ልቀይር፣ ሳጥኑንም ፍቄ ቫርኒሽ ልቀባ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?
አንባቢያችሁ፣ ከኬንያ ሞያሌ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሚያጓራው አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ስለደረቁ ነው። ሸክላው የሚጎተተው ደግሞ ቅባቱ ስለረጋ ወይም የሚያዞረው ጎማ ስለጠነከረ ነው። እነዚህ በዕድሜ የሚያልቁ ስለሆኑ ቢቀየሩ ዕቃው ዋናነቱን አያጣም። የሚሠሩትን ቫልቮች፣ ትራንስፎርመሩንና ድምፅ ማጉያውን ግን አያስነኩ። ሳጥኑን በለስላሳ ጨርቅ ይወልውሉት እንጂ አያስፍቁት፤ የተፋቀ አይመለስም። የወለቀውን ዕቃ ሁሉ ተቀብለው ያስቀምጡ።

ከኢትዮጵያ በኩል የተሻገረ ከሆነ የቮልት መምረጫውን ያሳዩ፤ እዚያ መብራቱ 220፣ በእናንተ በኩል 240 ቮልት ነው። በ1960ዎቹ የታተሙ የአምሐ ሪከርድስ ሸክላዎች ካሉዎትም አስቀድመው መርፌውን ያስቀይሩ፤ ያረጀ መርፌ ሸክላ ይቧጭራል።

ሬዲዮው ከተነቀለም በኋላ በውስጡ አደገኛ ኃይል ሊቀር ስለሚችል ራስዎ አይክፈቱት፤ ቫልቭ ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት። እስኪታይ ድረስም ሶኬት ላይ አይሰኩት።