ከዲቪዲ ወደ ኮምፒውተር ፋይል፦ በቆላ ሙቀት የሚያረጁ ምስሎችን ማትረፊያ ዘዴ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ የሰርግ፣ የምርቃትና የክርስትና ዲቪዲዎች በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉ። ማጫወቻው ከገበያ እየጠፋ ነው፤ አዳዲስ ላፕቶፖችም በአብዛኛው የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የዲስኩ የራሱ ማርጀት ነው። በዚህ ጽሑፍ ዲስኩ ለምን እንደሚያረጅና ምስሉን ሳናበላሽ እንዴት ወደ ፋይል እንደምናዛውረው እንመለከታለን።

1. ዲስኩ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?

ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ የቀረበ፣ 12 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ዲስክ ሲሆን በአንድ ንብር 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ሌዘር ያነበዋል። በፋብሪካ በታተመ ዲስክ ላይ መረጃው በፕላስቲክ የተቀረጹ ጥቃቅን ጉድጓዶች ናቸው። ቪዲዮ ቤት የተቀዳ ዲስክ ግን በውስጡ ስስ የኦርጋኒክ ማቅለሚያ ንብር አለው፤ የመቅጃው ሌዘር ማቅለሚያውን እየለበለበ ምልክት ይተውበታል።

2. ሙቀት ለምን ይጎዳዋል?

ማቅለሚያው በጊዜ ብዛት ይፈርሳል። የኬሚካዊ አጸግብሮት ፍጥነት፣ በተለመደው ግምት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። በመጋቢትና በሚያዝያ መተማ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ስሌት፣ በ20 ዲግሪ የተቀመጠ ዲስክ በአንድ ዓመት የሚያረጀውን ያህል በ40 ዲግሪ ያለው በሦስት ወር ያረጃል። የፀሐይ ብርሃንና የክረምቱ እርጥበት ደግሞ ጉዳቱን ያባብሳሉ።

ዲስኩ የሪድ-ሰሎሞን የስሕተት ማረሚያ ኮድ ስላለው ጉዳቱ መጀመሪያ ላይ አይታይም። ስሕተቱ ከማረሚያው አቅም ሲያልፍ ግን ምስሉ በድንገት ይቆራረጣል። እንግዲህ «ዲስኩ ገና ይሠራል» ማለት «ደህና ነው» ማለት አይደለም።

3. ደረጃ አንድ፦ መገልበጥ

በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ ማንበቢያ ይበቃል። «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚባለውን ማኅደር ሳንነካካ ሙሉውን ወደ ሀርድ ዲስክ እንገለብጣለን። በአራት እጥፍ ፍጥነት ሙሉ ዲስክ ወደ 14 ደቂቃ ይፈጃል። ይህ ቅጂ ከዋናው ጋር በቢት ሳይቀር እኩል ነው።

4. ደረጃ ሁለት፦ ማመቅ

የዲቪዲ ምስል በሴኮንድ 25 ፍሬም ያለው ሲሆን እያንዳንዱ ፍሬም 720 በ576 ነጥብ ነው። ለአንድ ነጥብ 12 ቢት ብንወስድ የሁለት ሰዓት ሰርግ ወደ 112 ጊጋባይት ይሆናል። ዲስኩ ላይ የገባው ኤምፔግ-2 በሚባለው የማመቂያ ስልት ወደ 24 ጊዜ ያህል ታምቆ ነው። ሙሽሮቹ ተቀምጠው ከኋላቸው ያለው መጋረጃ ካልተንቀሳቀሰ፣ በየፍሬሙ መጋረጃውን ደግሞ መጻፍ አያስፈልግም፤ የሚጻፈው የእስክስታ ወራጁ ትከሻ የፈጠረው ለውጥ ነው። ቀሪዎቹ ቁጥሮች ይጠጋጋሉ፤ በመጠጋጋት የጠፋው ዝርዝር አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች.264 ተመሳሳይ ጥራትን በግማሽ ገደማ ቢት ይይዛል። ሀንድብሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደዚህ ስልት ይለውጣል። የጥራት ቁጥሩን ከ18 እስከ 22 ባለው መካከል ማድረግ ይበጃል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል፤ ፋይሉም ይተልቃል። ሥራው ፕሮሰሰሩን በእጅጉ ስለሚያሞቅ በቆላ ሌሊቱን ቢከናወን ይመረጣል።

ሁለተኛው ማመቅ ሌላ ዝርዝር ስለሚያጠፋ የመጀመሪያው ቅጂ መሰረዝ የለበትም። ትንሹን ፋይል ለስልክ፣ ትልቁን ለልጅ ልጅ እናስቀምጥ፤ የትልቁም አንድ ግልባጭ ደጋ ላይ ባለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ይህ ሁሉ የራሳችንን ቀረጻ ይመለከታል፤ ለገበያ የወጡ ፊልሞችና ሙዚቃዎች በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቁ ናቸው።

መልመጃ፦ በ500 ጊጋባይት ሀርድ ዲስክ ላይ፣ ሳይታመቁ ስንት ሙሉ ዲቪዲዎች ይገለበጣሉ? በጎረቤት ካሉት ዲስኮች ጋር አነጻጽሩት።