«ፈቃድሽ ነው ወይ?»

ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የተደራጀ ሃይማኖት ባለበት አገር የዜጋ ነፃነት ሊኖር ይችላል?» አለኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ለምን አይኖርም? እኛ አለን አይደል እንዴ!» አለች። ከጎኗ ያለው ደግሞ ቀስ ብሎ «የለንም» አለ። ደወሉ ተደወለ። ሁለቱም ከልባቸው ነው የተናገሩት። ያን ቀን ያልመለስኩላቸውን እዚህ ቀስ እያልኩ ላስረዳ።

መጀመሪያ ሦስት ነገር እንለይ። እምነት በልብ ያለ ነው፤ ማንም ገብቶ አይቀማውም። የሃይማኖት ተቋም ግን ማኅተም፣ መሬት፣ ሒሳብ ሹምና መተዳደሪያ ደንብ አለው። አባሉን ይመክራል፣ ይገሥጻል፣ ካልሆነለትም ያወግዛል። መንግሥት ደግሞ ፖሊስና ወህኒ ቤት አለው፤ ግብርም ይሰበስባል። ብዙ ተማሪዎች ነፃነትን የሚጋፋው የተቋሙ መጠንከር ይመስላቸዋል። እኔ እንደዚያ አላይም። ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው መስጊድ ሲሠሩ፣ ቄስ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ ሰባኪ ሲቀጥሩ ነፃነታቸውን እየሠሩበት ነው። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 2 አማኞች የሃይማኖት ትምህርትና የአስተዳደር ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉ ይላል። መደራጀት የተከለከለ አማኝ የሚተርፈው ዝም ብሎ ማሰብ ብቻ ነው።

እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው ከየት ነው? ተቋሙ የመንግሥትን ዱላ ሲዋስ፣ ወይም መንግሥት የተቋሙን ማኅተም ሲወስድ ነው። ሁለቱንም አይተናል።

የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ማንም ሰው በሕግ መሠረት የሃይማኖቱን ሥርዓት ቢፈጽም እንዳይከለከል ደነገገ። እዚያው ሰነድ ውስጥ አንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗንና በመንግሥት እንደምትደገፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሁልጊዜ የዚያ እምነት ተከታይ እንደሚሆን ይናገራል። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቧቸው። ሙስሊሙ መስገድ ይችል ነበር፤ ዒዱ ግን በአገሩ የሕዝብ በዓላት ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። አልተደበደበም፣ ባለቤትም አልሆነም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሙስሊሞች የእኩልነት ሰልፍ ሲወጣ ብዙ ክርስቲያኖች አብረው ተሰለፉ። ይህን ቀን ለተማሪዎቼ ሳስተምር እዘገያለሁ፤ የጎረቤቱን መብት የራሱ አድርጎ የወጣ ሰው ምን ዓይነት ዜጋ እንደሆነ እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ከዚያ ደርግ መጣ። የሙስሊሞችን በዓላት ብሔራዊ በዓል አደረገ፣ የቤተ ክርስቲያኗንም መሬት ወሰደ። በዚያ ብቻ ቢቆም የእኩልነት እርምጃ ነው ሊባል ይችል ነበር። ግን አልቆመም። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳት ሾሙ ተብለው በ1968 ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አንደኛው የትናንቷ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አባት፣ ሌላው የመንግሥት ሆና የማታውቅ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። መንግሥት ጳጳስ ሲሾም ፈቃዴ ይጠየቅ ማለት ከቻለ፣ ነገ ጳጳሱን አንሥቶ ማሰርም አያቅተውም።

አሁን ወዳለንበት እንምጣ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ልጆቹ ይህን በቃላቸው ይወጡታል። ወረቀቱን ከሸመደዱ በኋላ ግን አንድ እውነተኛ ክርክር ካላሳየኋቸው ነገሩ አይገባቸውም። የማሳያቸው የሚከተለውን ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የቤተሰብና የግል ጉዳይ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ግን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ። በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አጠናከረ። ከዚያ በኋላ አንዲት ሴት በውርስ ክርክር ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቀረበች። እዚህ እንድዳኝ ፈቃዴ አይደለም፣ ጉዳዬን መደበኛው ፍርድ ቤት ይይልኝ አለች። ፍርድ ቤቱ ግን ክርክሩን ቀጥሎ ወሰነ። ይግባኝ አለች፣ አልሰመረላትም። ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ስትል ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ትርጉም ሆኖ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም በ1996 ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው ብሎ ሻረው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ምክር ቤቱ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶቹን አልዘጋም። ቢዘጋቸው ኖሮ ወድዶና ፈቅዶ በሃይማኖቱ ሕግ መዳኘት የሚፈልገው ሰው መብቱን ያጣ ነበር። ሴትየዋንም ሙስሊም ስለሆንሽ የግድ እዚህ ነው አላላትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀው፤ «ፈቃድሽ ነው ወይ?» ተቋሙ በሙሉ ክብሩ ቆሟል፣ ሴትየዋም በሙሉ መብቷ ወጥታለች። ለተማሪዬ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። አብረው ይኖራሉ፤ የሚኖሩት ግን ይህ ጥያቄ በየበሩ በትክክል የሚጠየቅ ከሆነ ነው።

ይህን ጥያቄ ይዘን ሂጃብን እንመልከት። በኢራን ከአብዮቱ በኋላ ሴቶች እንዲሸፈኑ ሕግ ያስገድዳል። በፈረንሳይ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤት ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክትን ስለሚከለክል ተማሪዋ በር ላይ ታወልቃለች። ሁለቱ አገሮች የተቃረኑ ይመስላሉ፤ ልጅቱን ግን ሁለቱም አልጠየቋትም። በእኛም አገር በ2017 በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከክፍል ተከልክለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር። አንቀጽ 27 በንዑስ አንቀጽ 5 ሃይማኖትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግና ለተዘረዘሩት ምክንያቶች፣ ማለትም ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሌሎች መብትና ለመሳሰሉት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። እስቲ ፀጉሯን የሸፈነች ልጅ ማንን ትጎዳለች? እኔ ክፍሌ ውስጥ ነጠላ ያጣፋችም፣ ሂጃብ ያደረገችም፣ ራሷን ያልሸፈነችም በአንድ ዴስክ አስቀምጫለሁ፤ ሰሌዳው ለሦስቱም እኩል ይታያቸዋል። ፊቷን የሸፈነች ተፈታኝ ስትመጣ መታወቂያዋን አንዲት ሴት ፈታኝ ለብቻዋ አይታ ታስገባታለች፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ላይ ደርሰናል፤ ማንም ሳያስገድድ መብት የሚጠፋበት ቦታ አለ።

ከ20 ዓመት በፊት በማስተምርባት ትንሽ ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ ጎረቤት ነበረኝ። ወደ ጴንጤ ከገባ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ሲሞት ሬሳው ቤት አደረ፣ በማግሥቱ ሳጥኑን ተሸክመን ወጣን። የከተማዋ መካነ መቃብር የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነበር። በር ላይ ቆመን አዛውንቱ ቄስ እያዘኑ «ልጄ፣ ሥርዓታችን አይፈቅድልኝም» አሉን። ማዘጋጃ ቤት ሄድን፤ ሌላ የመቃብር ቦታ የለም ተባልን። ሳጥኑን የተሸከሙት የእድራችን ሰዎች አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ነበሩ። ከወንዙ ማዶ፣ አንድ ገበሬ ከማሳው ጥግ በሰጠን ቦታ፣ ሊመሽ ሲል ቀበርነው። ሚስቱ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግሯ ነበር የተመለሰችው።

በቄሱ ላይ ዛሬም ቂም የለኝም። ቤተ ክርስቲያን በግቢዋ በሥርዓቷ መቅበር መብቷ ነው፤ መንግሥት ገብቶ እገሌን ቅበሩ ቢላት አንቀጽ 11ን ያፈርሳል። ጥፋቱ ያለው ማዘጋጃ ቤቱ ላይ ነው። ሞት የሁሉም ዜጋ ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ የሚቀበርበትን ቦታ ለአንድ ተቋም ትቶ ዝም ብሎ ተቀምጧል። መቃብር፣ የልደት ምዝገባ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ትምህርት ቤት፤ እነዚህ በአንድ ሃይማኖት እጅ ብቻ ሲወድቁ ፈቃድ የሚባለው ነገር ስም ብቻ ይሆናል። ሌላ መሄጃ የሌለውን ሰው ፈቃድህ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ይጠቅመዋል?

ይህን ታሪክ ለክፍሉ ነግሬያቸው ያ መጀመሪያ የጠየቀኝ ልጅ እንደገና እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ መቃብሩም ቢኖር፣ ሕጉም ቢኖር፣ ሰፈሩ ካገለለው ምን ያደርጋል?» አለ። ይህኛውን ፍርድ ቤት አይመልሰውም። ስለዚህ የነገርኩት የራሳችንን እድር ነው። ከዚያ ቀብር በኋላ በነበረው ስብሰባ የእድራችን ዳኛ፣ የ70 ዓመት ሽማግሌ፣ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ መስመር ይጨመር ብለው አቀረቡ፤ አባል ሃይማኖቱን ስለቀየረ ከእድር አይሰረዝም፣ ድንኳኑም ወንበሩም ለቤቱ ይወጣል የሚል። ወዲያው አልጸደቀም። ሁለት ሰዎች ተቆጥተው ወጡ፤ አንዱ ተመለሰ፣ አንዱ አልተመለሰም። ሦስት እሑድ ከተጨቃጨቅን በኋላ በአራተኛው በድምፅ ብልጫ አለፈ፤ ጸሐፊውም እዚያው ጠረጴዛው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፈው።