የሞተር ስር መከላከያ ላሜራን ከሻንሲው ጋር መልሶ ማሰር

ከሃይሉክስ ወይም ከላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ሞተር ስር ያለው መከላከያ ላሜራ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ድንጋይ ነቅሎት አይደለም። ዘይት ሊቀየር ይፈታል፣ ሲመለስ አንዱ ቡሎን አልገባ ይላል፣ «ያለሱም ይሄዳል» ይባልና ጋራዥ ጥግ ላይ ተረስቶ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በኮረኮንች መንገድ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ድንጋይ የሚያገኘው በቀጥታ የሞተሩን ኮፓ ነው። የተሰነጠቀ ኮፓ ዘይቱን ለመጨረስ ጊዜ አይፈጅበትም፤ የዘይት መብራቱን ወዲያው አይቶ ሞተር ያላጠፋ ሹፌር ሙሉ ሞተር ሊያጣ ይችላል። ላሜራው በእጃችሁ ካለ ዛሬውኑ መልሱት። ሥራው ከባድ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትዕግሥት ይጠይቃል።

መኪናውን ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ላይ ድንጋይ ደግፉ፣ የጭስ ማውጫው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ፒክአፕ ከመሬት ከፍ ስለሚል አብዛኛውን ጊዜ ሳይነሳም ይሠራል። ማንሳት ግድ ከሆነ ከሻንሲው ስር ጠንካራ መቆሚያ አስገቡ፤ ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ስር ማንም ሰው እንዳይገባ።

ላሜራውን እጠቡ፣ የተጣመመ ከሆነ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስተኝታችሁ በመዶሻ አቃኑት። የተጣመመ ላሜራ ቀዳዳዎቹ ከሻንሲው ቀዳዳ ጋር አይገጥሙም፣ ያልገጠመውን በጉልበት መሳብ ደግሞ ቡሎን ያበላሻል። መኪናው ስር ገብታችሁ ሳለ ኮፓውንና የዘይት ማፍሰሻ ቡሎኑን በጨርቅ ጥረጉና የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ እዩ፤ ላሜራው ከተገጠመ በኋላ ይህን ማየት ይከብዳል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፤ ቡሎኑ። ላሜራውን የሚይዙት ቡሎኖች የሚገቡት ከሻንሲው ወይም ከተሻጋሪው ብረት ጋር በፋብሪካ በተበየደ ዳዶ ውስጥ ነው። ዳዶው ብዙውን ጊዜ በብረቱ ባዶ ሆድ ውስጥ ስለሆነ ከኋላ በቁልፍ ልትይዙት አትችሉም። ጥርሱ ከተበላ ወይም ከብየዳው ተላቅቆ መሽከርከር ከጀመረ የአሥር ደቂቃው ሥራ መቁረጥና መበየድ የሚፈልግ የአንድ ቀን ሥራ ይሆናል። ስለዚህ ልትሳሱለት የሚገባው ቡሎኑ ሳይሆን ዳዶው ነው።

ዳዶውን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ልኩ ያልሆነ ቡሎን ነው። በጃፓን መኪና ላይ በአብዛኛው የምታገኙት 12 ቁልፍ ወይም 14 ቁልፍ የሚይዘው ቡሎን ነው። 12 ቁልፍ የሚይዘው ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ከዕቃ መደብር የሚገዛው ባለ 8 ቡሎን 13 ቁልፍ ቢፈልግም ጥርሱ ብዙውን ጊዜ ያው 1.25 ስለሆነ ይገባል። ችግሩ ያለው 14 ቁልፍ በሚይዘው ባለ 10ው ላይ ነው። የመኪናው ባለ 10 ቡሎን ጥርሱ 1.25 ሲሆን ተራው የገበያ ባለ 10 ቡሎን ግን 1.5 ነው፤ ራሱም 17 ቁልፍ ይፈልጋል። ከራሳቸው በቀር ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ።

የሚያሳስተውም አገባቡ ነው። የተሳሳተው ቡሎን መጀመሪያ እሺ ይላል። ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ይገባና ይጠብቃል። «ጭቃ ይሆናል» ብሎ ቡሶላ የሰካ ሰው እየጠበቀለት የመጣ ይመስለዋል፤ እንደ እውነቱ ግን በእያንዳንዱ ዙር የዳዶውን ጥርስ እየላጨ ነው። በእጅ የጀመረው ቡሎን መሀል ላይ ከያዘ አቁሙ። መልሳችሁ ፍቱት። ጥርሱ ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ፍቅፋቂ ካያችሁ ያ ቡሎን ለዚያ ቀዳዳ አይደለም፣ ወይም ዘምሞ ገብቷል።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ቡሎን ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን አጋጥማችሁ ጥርስ በጥርስ አስገቡና ወደ ብርሃን አንሡ። በመካከላቸው ብርሃን ካላለፈ አንድ ናቸው፤ ካለፈ አትግዙ፣ ሻጩ «ይሄው ነው» ቢላችሁም። አሮጌው ከጠፋ ከዚያው ላሜራ ቡሎኖች ከቀሩት አንዱን ውሰዱ። ራሱ ላይ 8.8 የሚል የተቀረጸበትን ምረጡ።

ላሜራው ገና መሬት ላይ እያለ ዳዶዎቹን አጽዱ። ናፍጣ ውስጥ በተነከረ ብሩሽ ጭቃውን አውጡ። እኔ ከተገዛ የጥርስ ማጽጃ ይልቅ አሮጌ ቡሎን እመርጣለሁ፦ ትክክለኛውን ቡሎን ይዤ በሰጌቶ ከጫፉ ወደ ላይ በቁመቱ አንድ ሁለት መስመር እሰነጥቀዋለሁ፣ ግራሶ ቀብቼ በእጄ አስገብቼ አወጣዋለሁ። ጭቃውና ዝገቱ ስንጥቁ ውስጥ ተሰብስቦ ይወጣል። እየጠረጋችሁ ደጋግሙት። ከዚያ እያንዳንዱን ቡሎን ያለ ላሜራው በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው አስገብታችሁ ሞክሩ። በጣት የማይሄድ ቡሎን እያለ ላሜራውን አታንሡ።

ብቻችሁን ከሆናችሁ ላሜራው ይከብዳል፤ በአንድ እጅ ደግፎ በሌላው ቡሎን መጀመር ቡሎን ለማዝመም የተመቸ ነው። ለዚህ የሚጠቅም ዘዴ አለ። ልኩ አንድ የሆነ ሁለት ረጅም ቡሎን ራሱን ቁረጡና ከፊት ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በእጅ አስገቧቸው። ላሜራውን እነሱ ላይ ሰክታችሁ ከስር በዳዶ ያዙት። ላሜራው ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ እጃችሁም ነፃ ይሆናል። የኋላዎቹን ጀምሩ፣ ከዚያ ረጅሞቹን አንድ በአንድ አውጥታችሁ በትክክለኛው ቡሎን ተኩ። ቀዳዳው የሰፋ ከሆነ ሰፊ ሮንዴላ ጨምሩ።

ሁሉም ቡሎኖች በእጅ ሳይገቡ አንዱንም አታጥብቁ። አንዱን ቀድማችሁ ካጠበቃችሁ ላሜራው ወደዚያው ተስቦ የሌላው ቀዳዳ ይሸሻል። ሁሉም ከገቡ በኋላ ማዶ ለማዶ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ለባለ 8 ቡሎን 25 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃል፤ ይህ በአጭር ቁልፍ ጠንከር ያለ የእጅ ጉልበት እንጂ ቧንቧ የሚያስጨምር አይደለም። በላሜራውና በኮፓው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖሩን አረጋግጡ። ከተነካኩ ላሜራው የሚቀበለውን ምት ሁሉ ለኮፓው ያስተላልፋል።

ዳዶው ቀድሞውኑ ተበልቶ ከሆነ አዲስ ዳዶ አስበይዱ፤ ከመበየዱ በፊት የባትሪው ሁለቱም ገመድ ይነቀል። ላሜራውን ራሱን ከሻንሲው ጋር ልበይደው የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ግን እምቢ በሉ። በሚቀጥለው የዘይት ቅየራ በግራይንደር ሊቆረጥ ነው። መንገድ ላይ የፊት ቡሎኖቹ ከወደቁም በሽቦ አስሮ መንዳት አደገኛ ነው፤ ሽቦው ሲበጠስ የፊት ጠርዙ እንደ ማረሻ መሬት ይነክሳል። የቀሩትን ፍቱና ላሜራውን ከኋላ ጫኑት፣ ቀስ እያላችሁም ንዱ።

ከመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች በኋላ ቡሎኖቹን እንደገና በቁልፍ ፈትሹ። ረጅም ሣር ያለበት ቦታ ከነዳችሁ ደግሞ በዚያው ስር ገብታችሁ ላሜራው ላይ የተጠራቀመውን ደረቅ ሣር አውጡ፤ የጋለ የጭስ ማውጫ ከነካው እሳት ይነሣል።